የቡይት ራሱ ዳኛ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ በሩ ሥር የተቀመጥሽው፣ ነፋሱ ይመታሻል፤ ወደ ውስጥ ግቢ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ደስ የሚል አይደለም። ካልነገርኳችሁ ግን ከኔ ጋር መቀበሩ ነው፤ ስለዚህ ስሙኝ። ክፉው ቦታ ላይ ስደርስ ቀስ እላለሁ፤ አትፍሩ።

የ1976 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ቅበላ እሑድ፣ የካቲት 18 ቀን ነው። ከደባርቅ በላይ ቡይት ራስ ሜዳ ላይ፣ ከድንጋይ ክምር ሥር አንድ ሰው በጀርባው ተጋድሞ ተገኘ። በጋቢው እስከ ደረቱ ተሸፍኗል፤ ከጭንቅላቱ በታች ሣሩ ጠቁሯል። ከአጠገቡ አንድ የወይራ የገና ዱላ ወድቋል። ሟቹ ሰጠኝ ይባላል። የገና ጨዋታ ዳኛ ነበር።

ገና ስላችሁ የድሮው ገና እንዳይመስላችሁ። ድሮ ሎሌው ጌታውን ቅልጥሙን ብሎት ማታ አብረው ይስቁ ነበር። በዚያ ዓመት ግን አንድ ካድሬ የዱር እንስሳት ፓርኩን ሊያይ ከመጣ ፈረንጅ ወሬ ሰማ። በፈረንጅ አገር ጎልፍ የሚባል የዱላና የኳስ ጨዋታ አለ፤ ወንዶቹ ወቅቱን ሙሉ ከሜዳ ሜዳ እየዞሩ ይወዳደራሉ፤ እንጀራቸውም እሱው ነው አሉ። «እኛስ ምን አነሰን!» አለ ካድሬው። ከልደት እስከ ቅበላ እሑድ እሑድ ውድድር ሆነ። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ዛሪማ፣ ቡይት ራስ፤ ከየቦታው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ወንድ። ተጫዋቾቹ አውድማቸውን ጥለው፣ እየተቀለቡ ሩር ማባረር ሥራቸው ሆነ። ሩር ያልኳችሁ ከእንጨት ሥር የተጠረበችዋ ኳስ ናት።

ሽልማቱስ? ዋንጫ ቢሆን ማን ይሞትበት ነበር! የመጨረሻውን ጨዋታ ያሸነፉት አሥራ ሁለቱ ስማቸው ከብሔራዊ ውትድርና መዝገብ ይሰረዛል ተባለ። ይኼን የሰማ እናትና አባት እንዴት እንደሚሆን እናንተው አስቡት። ከዚያ በኋላ ጨዋታ አልነበረም። ሆን ብለው ቅልጥም ይሰብሩ ጀመር። የዛሪማው ልጅ አንድ ዓይኑ ሲፈስ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም እዚያ ቆሜ ነበር፤ እጄን ግን ለጭብጨባ አላነሣሁም። እሱንም እንደ ደግነት አትቁጠሩልኝ።

ሬሳውን ፀሐይ ስትወጣ ያገኘው ደምለው የሚባል የፓርክ ዘበኛ ነው። ከደባርቅ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ዋሴ ተጠርቶ ወጣ። ዋሴ አጭርና ቀጭን ሰው ነው፤ ሲጠይቅ ድምፁን አያነሣም። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ያልፈለገውን ይናገራል።

«ማን ነካው?» አለ ዋሴ።

«ማንም። ጠመንጃዬን አግድሜ ቆሜያለሁ። ካድሬው መጡ፤ ዱላውን ከሩቅ አዩና ‹የተጫዋቹ የቢራራ ነው› ብለው ወረዱ። አቶ ድረስ መጡ። ያው የሟቹ አጎት አይደሉ፤ እዚያ ክምሩ ወዲያ ቆመው አለቀሱ። ከዚያ ለእናቱ መርዶ ሊያረዱ ከቄሱ ጋር ወረዱ።»

«ሬሳውን ልየው አላሉም?»

«አላሉም። አላስቻላቸውም መሰል።»

«ከቆሙበት ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«ሃያ ይሆናል። ክምሩ ይጋርዳል፤ ፊቱንም አያዩት።»

ዋሴ በመጀመሪያ ዱላውን አነሣ። ከዱላው ሥር ሣሩ ላይ ውርጭ እንደ ጨው ነጥቷል። ሬሳውን ከጎኑ ቀና አድርጎ አየ፤ ከሬሳው ሥር ሣሩ ደረቅ ነው፤ ውርጭ አልነካውም። ከክምሩ በስተጀርባ፣ ደምለው ያልረገጠው ቦታ፣ በውርጩ ላይ የአንድ ሰው ዱካ ከደባርቅ በኩል እስከ ሬሳው መጥቶ ተመልሷል። የጎማ ጫማ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው። ከሬሳው ጎን ደግሞ ሁለት ክብ ጉድጓዶች አሉ። ሰው ተንበርክኮበታል።

ቀጥሎ ቁስሉን አየ። በውስጡ የድንጋይ ብናኝና ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ግራጫ ሽበት ገብቷል። ዱላው ላይ ግን አንዲት ጠጉር የለም።

ከዚያ ጋቢውን ገለጠ። ብዙ ቆየ። የሰጠኝ ዓይኖች ተከድነዋል። አፉ ተገጥሟል። እግሮቹ ተጋጥመዋል፤ እጆቹ እሆዱ ላይ ናቸው። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቋል። ዋሴ ሁለቱን አውራ ጣቶች ቀረብ ብሎ አየ፤ በሁለቱም ዙሪያ ቀጭን ቦይ ተሰምሯል። የእግሩ አውራ ጣቶችም እንዲሁ። ከቀኝ እጁ ጣት ጥፍር ሥር አንዲት ነጭ የጥጥ ብጣሽ ተሰክታለች። በወረቀት ጠቀለላትና ኪሱ ከተታት።

«ደምለው፣» አለ፣ «እኔ ያየሁትን አንተ አላየህም።»

«እኔ ምን አየሁና!» አለ ደምለው፤ ፊቱን አዞረ።

ወዲያው ካድሬው ተመልሶ መጣ። ከታች ከደባርቅ የቅበላ በግ የሚያርዱ ሰዎች ጫጫታ ይሰማል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ምን ትጎረጉራለህ? ዱላው የቢራራ ነው። ትናንት በሕዝብ ፊት ዝቶበታል። ላንድሮቨሩ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር ይነሣል፤ ቢራራ ይጫናል። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል።»

«ዳኛው ሞቷል እኮ።»

«ሌላ ተመድቧል።»

በዚያ መኪና ወደ ጎንደር የተጫነ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም። ዋሴም ያውቃል።

«እስከ ስምንት ሰዓት ይስጡኝ» አለ። «ሕዝቡንም ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እዚሁ ሜዳ ይሰብስቡልኝ። አውጫጭኝ ይሁን፤ ሰው ሁሉ ያየውን ያውጣ።»

«የፊውዳል ልማድ!»

«ሕዝብ ሲሰበሰብ እርስዎም ይወዳሉ።»

ካድሬው ሳቀ። ሬሳ አጠገብ ቆሞ ሳቀ፣ ልጆቼ።

ቢራራ የደባርቅ ቡድን አለቃ ነው። የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ተቀምጧል። ሚስቱ ታንጉት የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ዋሴን ስታይ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት።

«አንቱ ሃምሳ አለቃ፣ አላደረገውም! ሲናደድ ይሳደባል እንጂ ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው! ትናንት በጊዜ ነው የገባ፤ ከኩርፊያው ጋር ተኛ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔም አኮረፍኩት። ምነው ባላኮረፍኩት!»

ዋሴ ገባ። ቢራራ ቀና አላለም።

«ዝተህበታል?»

«ዝቻለሁ። ትናንት ቀን ልምምድ ላይ ዱላዬን እግሩ ሥር ወርውሬ ‹ነገ ብትዳኝ ጥርስህን ትለቅማለህ› አልኩት። አገር ሰምቷል።»

«ለምን?»

«ባለፈው እሑድ ያገባሁትን ሻረብኝ። ሩሯ ድንበር ወጥታለች ብሎ።»

«ወጥታ ነበር?»

«ወጥታ ነበር» አለ።

«ዱላውንስ መልሰህ አነሣኸው?»

«በንዴት የጣለውን ዱላ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣ ወንድ አለ እንዴ? እዚያው ነው የቀረ። ሃምሳ አለቃ፣ እኔስ ይሁን። ታንጉትን ግን አደራ፤ የሚያርስላት የለም።»

ዋሴ የእጁን ገመድ በመጠኑ አላላለት።

ለመጨረሻው ጨዋታ ከደባርቅ ጋር የደረሱት የዳባት ተጫዋቾች ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ዱላቸውን ቅቤ ይቀባሉ። አለቃቸው ያርጋል የተባለ ረጅም ሰው ነው፤ ቅልጥሙ እንደ ዱባ አብጧል።

«ዳባቶች ገደሉት ልትለን ነው የመጣህ?» አለ ያርጋል። «ተወን እባክህ። የአገሩ ዳኛ ሁሉ በበግ ሲገዛ፣ እሱ አንድ ፍየል እንኳ አልበላብንም።»

«ሰጥታችሁት ነበር?»

«ሰጥተነው ነበር። ፍየሏን ራሱ ጎትቶ መለሳት።» ጓደኞቹ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈሩ።

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላ። ጉሙ ሊወርድ ሲል የሜዳውን ድንበር ድንጋይ ሊያስተካክል ብቻውን ቀረ። ‹ነገ ከደባርቅ ወገን አንድ ሰው አስወጣለሁ› አለኝ። ‹ወቅቱን ሙሉ አንዴ እንኳ ያልተሰለፈ ሰው፣ በመጨረሻው ቀን ስሙ አይገባም።›»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«‹ማን ነው?› አልኩት። ‹ነገ ታየዋለህ› አለኝ። ‹እናቴ ግን ለፋሲካም አታናግረኝ› ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም።»

ዋሴ ወደ ከተማ ሲወርድ በየደጁ ሥጋ ይከፋፈላል። ሰባት ሰዎች አስቆሙት። ሰባቱም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ሃምሳ አለቃ፣ ጨዋታው ይቀራል እንዴ?» ማን ገደለው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አንዱማ ጥሬ ሥጋ በጩቤ ጫፍ አቀበለው። ዋሴ ራሱን ነቅንቆ አለፈ።

ጀላል ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ለደባርቅ ቡድን ሻይና ስኳር፣ ሳሙናና ልብስ የሚያቀርበው እሱ ነው። ከሰጠኝ ጋር መኳረፉን ሁሉም ስለሚያውቅ ዋሴ ሱቁ ሲገባ እጆቹን አቀረበለት።

«እሰረኝ! ሸሚዝ ልኬለት መለሰልኝ። ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም። በቃ እኔም ነኝ የገደልኩት፤ ጫነኝ!»

«ቀስ በል፣ ጀላል። ትናንት ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሱልጣና ፋኖስ ይዛልኝ ጨርቅ ስለካ ነበር። የቅበላ ገበያ አይደል፤ ሰው እስከ ደጅ ቆሞ ነበር።» ሚስቱ ሱልጣና ከውስጥ «እጄ እስኪዝል ይዤለታለሁ!» አለች።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሱቅ ልንዘጋ ስንል አቶ ድረስ መጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስለሆኑ እምቢ አይባሉም። ጋቢያቸው በጉም ርሶ ይንጠባጠባል። ‹የልጄን ቁምጣ ስጠኝ፤ ነገ ይሰለፋል› አሉኝ። ይሰለፋል! ያ ልጅ እኮ ሩሯን እጁ ላይ ቢያስቀምጡለት የማይመታት ልጅ ነው። ገርሞኝ ሰጠኋቸው።»

ዋሴ ወደ ሟቹ እናት ወደ አልጣሽ ቤት ሄደ። አልጣሽ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ ከሰጠኝ ሌላ ልጅ የላትም። ለቅሶው ቤት ውስጥ ወንድሟ አቶ ድረስ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን በሁለት እጁ ይዟል። ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቃትም አሉ። ሰው ሁሉ «ወንድም እንዲህ ነው» ይላል።

ዋሴ ድረስን ወደ ደጅ ጠራው።

«አቶ ድረስ፣ እግዜር ያጽናዎ። ሬሳውን ቀርበው አይተውታል?»

«እንዴት ብዬ! የእህቴን ልጅ! ከሩቅ አልቅሼ ተመለስኩ።»

«አልተጠጉም?»

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ትናንት ማምሻውንስ የት ነበሩ?»

«ለቅበላው በግ ስመርጥ ገበያ ዋልኩ፤ አመሸሁም። ሃምሳ አለቃ፣ ያን አውሬ ቶሎ ጫኑት። እህቴ ልቧ ይረፍ።»

ዋሴ አመስግኖት ገባና ከአልጣሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ልጅዎን አላዩትም?»

«ካድሬው ከለከለኝ፣ ልጄ። ወንድሜ ባይኖር እብድ ነበርኩ። ‹ልጄ ዓይኑ ፈጦ አደረ፤ የሚገንዘው አጥቶ እንደ ከብት ሜዳ ላይ አደረ› እያልኩ ደረቴን ስደቃ፣ ድረስ እጄን ያዘኝ። ‹አይዞሽ አልጣሽ፣ አልፈጠጠም። ዓይኑ ተከድኗል። አፉ ተገጥሟል። የእጁም የእግሩም አውራ ጣት ታስሯል፤ በወጉ ተገንዟል› አለኝ።»

ዋሴ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለ።

«‹በምን ታሰረ?› አልኩት። ለራሴ መገነዣ ብዬ የፈተልኩት ፈትል አለኝ፤ ያ በሆነለት ብዬ ነው። ‹ከጋቢ በተመዘዘ ክር› አለኝ። ያን ጊዜ ትንሽ ተነፈስኩ። ሃምሳ አለቃ፣ ያን ያደረገለትን ሰው ካገኙት ያምጡልኝ። እጁን ልሳመው።»

ዋሴ ተነሥቶ ወጣ። ከአጥሩ ጥግ ደረሰና ጎንበስ ብሎ አስታወከ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ውሃ ብቻ ነው የወጣው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው በሰው ሞላ። ጨዋታ ሊያይ የመጣውም ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ከቢራራ በቀር ተጫዋቾቹ ሁሉ ዱላቸውን ይዘው በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ከደባርቅ ወገን መጨረሻ ላይ የድረስ ልጅ አዲስ ቁምጣ ለብሶ ቆሟል። ምንም አያውቅም፣ ምስኪን። ቢራራ እንደታሰረ መኪናው ሥር ተቀምጧል። አልጣሽን ወንድሟ ደግፎ አምጥቷታል። ሬሳው በጋቢ ተሸፍኖ አልጋ ላይ ተኝቷል። ካድሬው ሰዓቱን ያያል።

ዋሴ መሐል ቆመ።

«ሰጠኝ የሞተው ትናንት ከመምሸቱ በፊት ነው» አለ። «ውርጩ ሲወርድ እሱ እዚያው ተኝቷል፤ ከሥሩ ሣሩ ደረቅ ነው። የቢራራ ዱላ ግን ከውርጩ በላይ ነው የተገኘው። ስለዚህ ዱላውን ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሰው ነው ያመጣው። ሰው የሚገድል ሰው ዱላውን በማግስቱ አምጥቶ አያስቀምጥም። ቢራራ የጣለውን ዱላ ደግሞ ማንም ሊያነሣው ይችል ነበር።»

«ገዳዩ ሊፈልገው ተመልሶ ይሆናላ!» አለ ካድሬው።

«ሊፈልገው የመጣ ይዞት ይሄዳል እንጂ ትቶት አይሄድም። ደግሞ በዱላ አልተመታም። ቁስሉ ውስጥ የድንጋይ ሽበት አለ። ሰጠኝ ድንበር ሲያስተካክል፣ ጎንበስ ሲል፣ ከዚሁ ክምር በተነሣ ድንጋይ ከኋላው ተመታ። ጀርባውን የሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። ትናንት ለዛተበት ሰው በጉም ውስጥ ጀርባውን የሚሰጥ አለ?»

አንገቶች ሁሉ ወደ ክምሩ ዞሩ።

«አሁን የሚከብደውን ልንገራችሁ። ሰጠኝ ተገንዞ ነበር።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ደምለው «ማንም አልነካውም ብያለሁ!» አለ።

«አንተ ካየኸው ወዲህ ማንም አልነካውም፤ እውነትህን ነው። ግን ዓይኑ ተከድኖ፣ አፉ ገጥሞ፣ እግሩ ተጋጥሞ ነው ያገኘሁት። በአራቱም አውራ ጣቶች ላይ የክር ቦይ አለ። ሽማግሌዎች፣ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሬሳ ከደረቀ በኋላ ይገነዛል?»

«አይገነዝም» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ትኩሱን ነው የሚገነዝ።»

«ስለዚህ የገነዘው ሰው ሲሞት አጠገቡ ነበር። ገድሎ ሲያበቃ ጥሎት መሄድ አልሆነለትም። ሲነጋ ግን አሰበ፤ ተገንዞ ከተገኘ የቢራራ ሥራ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ዱላውን ይዞ መጣ፣ አጠገቡ ተንበረከከ፣ ክሮቹን ፈታ። ጉልበቱ ውርጩ ላይ ታትሟል። ክሩን ፈታ እንጂ የደረቀውን ዓይን መግለጥ አልቻለም።»

ዋሴ ወደ አልጣሽ ዞረ። ድምፁ ዝቅ አለ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ መገነዙን የነገረዎ ማን ነው?»

አልጣሽ ገና አልገባትም። «ወንድሜ ነዋ። ድረስ» አለች።

«አቶ ድረስ ግን ሬሳው አጠገብ አልደረስኩም አሉኝ። ደምለው ምስክር ነው፤ ሃያ እርምጃ ርቀው፣ ከክምሩ ወዲያ ነው የቆሙት። እጁና እግሩ በጋቢ ውስጥ ነበር። ክሩ ደግሞ ያን ጊዜ ተፈትቷል። የታሰረውን ማየት የሚችለው ያሰረው ብቻ ነው።»

ድረስ ዘለለ። «ዋሸኋት! ላጽናናት ብዬ ዋሸኋት! እህትን ማጽናናት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ‹ከጋቢ በተመዘዘ ክር› ብለዋታል። ይቺ ከጥፍሩ ሥር ያገኘኋት ናት።» ወረቀቱን ፈታ፤ ነጯ የጥጥ ብጣሽ ነፋሱ ላይ ተንቀጠቀጠች። «የሰጠኝ ጋቢ አልተመዘዘም። ውሸትዎ እስከ ክሩ ድረስ እንዴት እውነት ሆነ? ትናንት ገበያ ነበርኩ አሉኝ፤ ጀላል ግን ጋቢዎ በጉም ርሶ ሲንጠባጠብ አይቷል፤ ጉም የወረደው ደግሞ እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ሰጠኝ ከደባርቅ ወገን አንድ ያልተሰለፈ ሰው ሊያስወጣ ነበር፤ እናቱ የምታኮርፍበትን፣ ሥጋ ዘመዱን። ያ ሰው እዚያ አዲስ ቁምጣ ለብሶ ቆሟል።»

ሕዝቡ ዞሮ ልጁን አየ። ልጁ ዱላው ከእጁ ወደቀበት።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፣» አለ ዋሴ፣ «ክርስቲያን የተገነዘበትን ክር እርስዎ መንገድ ላይ አይጥሉም። እሳት ውስጥም አይከቱም። መቃብሩ ውስጥ አብሮት እንዲገባ አስበዋል። የት አደረጉት?»

የድረስ እጅ ሳያዘው ወደ ሸሚዙ ደረት ሄደ። ደምለው ቀደመው፤ ከኪሱ በጨርቅ የተቋጠሩ ሁለት ነጭ ክሮች አወጣ።

«አንዴ ነው የመታሁት!» አለ ድረስ። «ለመንኩት። አጎትህ ነኝ፣ አንድ ልጄ ነው፣ ስሙን ተውልኝ ብዬ ለመንኩት። እሱ ከገባ ሌላው ሰው በሱ ፋንታ ይሄዳል አለኝ። አንዴ ነው! ወዲያው አቅፌ ገነዝኩት፤ እንደ ሥርዓቱ ነው የገነዝኩት!»

እንደ ሥርዓቱ! ይቺን ሲል፣ ልጆቼ፣ በዙሪያው የነበረው ሰው አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ማንም ሸሹ አላለም። በመሐል እሱና አልጣሽ ብቻ ቀሩ።

አልጣሽ የወንድሟን እጅ አየችው። ከጠዋት ጀምሮ የያዛትን እጅ። ከዚያ ጎንበስ አለችና የራሷን መዳፍ ሣሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ ትፈትገው ጀመር። ቆዳዋ እስኪላጥ ፈተገችው። ታንጉት ሮጣ እስክታቅፋት ድረስ አላቆመችም።

ዋሴ የቢራራን እጅ በራሱ ቢላዋ ፈታ። ድረስ መኪናው ላይ ወጣ።

ይኼ ያበቃ መስሏችኋል? ካድሬው ሰዓቱን አየና «እንግዲህ ጉዳዩ ከተጣራ ጨዋታው በሰዓቱ ይጀመር! አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት!» አለ። ሬሳው እዚያው አልጋ ላይ ነው። ደግሞ ከሕዝቡ መሐል ወደ ሜዳው ዳር የተጠጋ፣ ጥሩ ቦታ የያዘ ሰው ነበር።

ቢራራ የታሰረበትን እጁን እያሻሸ ወደ መሐል ገባ። ዱላ ሰጡት፤ አልተቀበለም።

«ሩሯ ወጥታ ነበር» አለ ጮክ ብሎ። «ባለፈው እሑድ። ወጥታ ነበር፤ ልክ ነበር።»

ከዚያ ከሬሳው አልጋ አንዱን እግር ያዘ። ያርጋል በዚያ ባበጠ ቅልጥሙ እያነከሰ መጥቶ ሌላውን ያዘ። ከዳባት ሁለት፣ ከደባርቅ ሁለት ተጨመሩ። የቀሩት ዱላቸውን እሜዳው ላይ ጥለው ተከተሉ። ካድሬው «ሁላችሁም ትዘምታላችሁ!» እያለ ይጮኻል። ያርጋል ዞር ሳይል «እንዘምታለን፤ እስቲ መጀመሪያ እንቅበር» አለው። አልጣሽ ፈትሏን ይዛ ከኋላ ተከተለች።

ካድሬው እንዳለውም አደረገው። ማንም ስላላሸነፈ ከመዝገቡ የተሰረዘ ስም የለም። ሚያዝያ ላይ ሃያ አራቱም ተጠሩ። ያርጋል አልተመለሰም። ቢራራ ተመለሰ፤ አንድ እጁን አጥቶ። ታንጉት የወለደችውን ልጅ ግን በቀረችው እጁ አቅፎ ሲስመው አይቻለሁ። በዚያ መኪና ተጭኖ ቢሆን ኖሮ ይቺንም ያህል ደስታ አያገኝም ነበር።

በቃ፤ ክፉው አለቀ። አሁን ተነሡ፤ እናቶቻችሁ ይጠብቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሰጠኝን ሬሳ አድርጋችሁ አትያዙት። ፊሽካ ሲነፋ ጉንጮቹ እንደ ፊኛ ይነፉ ነበር፤ የሰፈር ሕፃናት ፊት ለፊቱ ቆመው ጉንጫቸውን ነፍተው ያሾፉበታል፤ እሱም ሳቁ ያመልጠውና ፊሽካው ከአፉ ይወድቃል። እንዲያ አድርጋችሁ አስታውሱልኝ።